የዞረው ትሪ

ውሻው ከዋርካው ሥር ተዘርሮ ሞቷል። መቶ አለቃ ሐሚዳ ከላንድሮቨሩ እንደወረደች መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። የመጣችው ግን ስለ ሌላ ሬሳ ነበር።

ጓድ መዝገቡ የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ትናንት ረቡዕ ምሳውን እዚህ በላ፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ይዞ ወደቀ፤ ሳይመሽ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ ነገር አላበዛም። «የአይጥ መርዝ ነው፤ ከምግብ ጋር የገባ» አለ።

ምግብ ቤቱ «ባለ ዋርካው» ይባላል። ከመካኒሳ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ላፍቶ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ቪላ ነው። ዙሪያው የገብስ ማሳ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ በሬ ይጮኻል። ውስጡ ግን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጥልፍ ያለበት ናፕኪን፣ ክራባት ያሰረ አሳላፊ አለ። መኪና የተመደበላቸው ሹማምንት ከከተማ ድረስ እየመጡ ይበሉበታል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት መሐል ከተማ ከሚሆን ዳር ላይ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሰው ሲበላ የሚያየው ዓይን ይቀንሳል።

በረንዳው ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሞልቱ ሽጉጡን ታጥቆ ይጠብቃት ነበር።

«መቶ አለቃ፣ ድካምዎን አቅልለንልዎታል። ሰውየውን ይዘነዋል።»

«ማንን?»

«ዳኜን። የፋብሪካው የመቁረጫ ክፍል ኃላፊ ነው። ከሟቹ ጋር አብሮ በልቷል። የጾም ምግብ አዘዘ፤ ያዘዘውን ራሱ አልበላም፤ ጓድ መዝገቡ በላው፤ ሞተ። ሌላ ምን ቀረ? ዛሬ ማታ የደኅንነት ሰዎች መጥተው ይረከቡታል።»

«የጾም ማዘዝ ወንጀል ነው?»

«በግንቦት? በበዓለ ሃምሳ?» ሞልቱ ሳቀ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም እንደሚበላ ሕፃን ያውቃል። ይሄ ሰው ለምን ሽሮ አዘዘ? ለመግደያ ነዋ!»

«ጾሙን በደንብ ያውቁታል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ሞልቱ ዙሪያውን ቃኘ። «እኔ እንኳ... እናቴ ናት የምትጾመው።»

ሐሚዳ ፈገግ አላለችም። አጠር ያለች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ስታዳምጥ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች። «እስከ ማታ ሰዓት አለን» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ረዳቷ ሃምሳ አለቃ ተካ ተከተላት።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ገበያነሽ ራሳቸው ወጥ ይሠራሉ። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

«እትዬ ገበያነሽ፣ የምግቡን ነገር ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን እላለሁ ልጄ፤ ስሜ ጠፋ! አራት ሆነው መጡ። ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፤ ጓድ መዝገቡ ነው የሚጋብዛቸው። ሦስቱ ክትፎና ጥብስ አሉ። አቶ ዳኜ ሽሮ አለ። እኔም ገርሞኛል፤ ደንበኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለአራት ሰው በአንድ ትሪ ነው የማቀርበው። ጾመኛ ካለ ግን እንዳይነካካበት በጥቅል እንጀራ አጥሬ አንዱን ሩብ ለእሱ ብቻ እለይለታለሁ።»

«ከዚያ ሽሮ ሌላ ሰው በልቷል?»

«እኔና ዲንሳ ከዚያው ድስት ምሳችንን በላን። ይኸው አለን!»

«ትሪው ወጥ ከወጣበት በኋላ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደ?»

«አይ። እጃቸውን እስኪታጠቡ ኮሪደሩ ላይ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተከድኖ ይቆያል። መታጠቢያው እዚያው ነው።»

ሐሚዳ ሄዳ አየችው። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ከወጥ ቤቱም ከአዳራሹም አይታይም። የሚታጠብ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ጀርባው ትሪውን ሊነካ ይደርሳል።

ስትመለስ ወይዘሮ ገበያነሽ ሌላ ነገር ሲያጉረመርሙ ሰማች። «መከራ ሲመጣ ብቻውን አይመጣ። ናፕኪኔም አንዷ ጠፋች።»

«የትኛዋ ናፕኪን?»

«ከአራቱ አንዷ። ሰው ታጥቦ ሲመለስ የራሱን እንዲያውቅ ጥግ ጥጋቸው ላይ አበባ ጠልፌባቸዋለሁ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ቢጫዋ የለችም። ዛሬ ጨርቅ ከየት ይገኛል? ግን ሰው ሞቶ ስለ ጨርቅ ማውራት ነውር ነው፣ ተይኝ።»

«ነውር የለውም» አለች ሐሚዳ። «ይንገሩኝ እንጂ።»

አሳላፊው ዲንሳ ጠጉሩ የሸበተ፣ ረጅም ሰው ነው። ቪላው ያለበት ኮረብታ የአያቱ ማሳ ነበር ይባላል። ክራባቱን እንዳሰረ ከዋርካው ሥር ለውሻው ጉድጓድ እየቆፈረ አገኘችው።

«ቦቢን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ከትሪው የተረፈውን በእጄ ሰጠሁት። ሁልጊዜ እሰጠዋለሁ። እትዬም በመስኮት እያዩ ነበር፤ ‹ቀስ በል ቦቢ፣ ትን ይልሃል› ይሉታል። ከቡችላነቱ ጀምሮ አብረን ነው ያሳደግነው።»

«አይዞዎት ጋሽ ዲንሳ። አቀማመጣቸው እንዴት ነበር?»

አካፋውን ተክሎ በጣቱ አፈሩ ላይ ክብ ሳለ። «ጓድ መዝገቡ እዚህ፣ ጀርባውን ለግድግዳው። አቶ ዳኜ ፊት ለፊቱ። ጓድ አስረስ በቀኙ፣ ወይዘሮ ውብነሽ በግራው። እኔ ትሪውን ሳስቀምጥ ሽሮውን በአቶ ዳኜ በኩል አደረግኩ።»

«ናፕኪኑስ?»

«ለጓድ መዝገቡ አረንጓዴ፣ ለጓድ አስረስ ቀይ፣ ለአቶ ዳኜ ሰማያዊ፣ ለወይዘሮ ውብነሽ ቢጫ። አይለወጥም።»

«እና ጓድ መዝገቡ ከዳኜ ፊት ያለውን ሽሮ እንዴት በላው? ተንጠራርቶ?»

«ኧረ! እንዲህ ያለ ሥራ ለእሱ አይሆንም። ሰው ከፊቱ ያለውን ነው የሚበላ።» ዲንሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትሪውን አዞረው።»

«አዞረው?»

«ሽሮውን ሲያይ ሳቀ። ‹ዳኜ! በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው? እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ አታታልለኝም! ክትፎውን ብላ፣ ጽድቁን ለእኔ ተውልኝ› አለና ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ግማሽ ዙር አዞረው። ክትፎው ዳኜ ፊት፣ ሽሮው እሱ ፊት ሆነ። ሁሉም ሳቁ። ወይዘሮ ውብነሽ ብቻ ‹ተው ጓድ፣ የሰው ምግብ አይነካም› አለች። አልሰማትም።»

«ባለፈው ረቡዕስ ዳኜ ምን በላ?»

«ያው ሽሮ። ያን ጊዜ ግን ጓድ መዝገቡ ስብሰባ ነበረው፤ አልመጣም። ሦስቱ ብቻ ነበሩ።»

«ትናንት ትሪው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ የሆነ ነገር የጨመረበት ሰው አለ?»

«ከአጠገባቸው አልራቅሁም። ማንም።»

«ሽሮውን ሌላ ሰው ቀመሰው?»

«ጓድ መዝገቡ አጎረሰ። አንድ ለጓድ አስረስ፣ አንድ ለወይዘሮ ውብነሽ። ‹ጽድቁን እንካፈል› እያለ። ወይዘሮዋን ትን አላት መሰለኝ፣ በናፕኪኗ አፏን ይዛ ሳለች። ውኃ አመጣሁላት።»

ሐሚዳ ወደ ኋላ ያጣመረችው እጅ ጠበቅ አለ። ሌላ አልጠየቀችም።

ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የስፌት መኪናዎቹ ዝም ብለዋል። ምክትል ሥራ አስኪያጁ አስረስ የቴክኒክ ክፍሉንም ይመራል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነው። ከፊቱ የሎሚ ውኃ አለ።

«ሌሊቱን ስታመም ነው ያደርኩት። ሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ። አንድ ጉርሻ ናት የበላሁት መቶ አለቃ፤ አንዲት ጉርሻ! እንቢ ማለት አይቻል፤ አለቃ ነው።»

«እርስዎ አሁን ወንበሩን ይወርሳሉ ይባላል።»

«ይባላል!» አስረስ ብርጭቆውን አነሣ፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። «ወንበሩን ለመውረስ ራሴን መርዤ? እንደዚያ የምቸኩል እመስልዎታለሁ?»

«ዳኜን እንዴት ያዩታል?»

«ቆራጭ ነው። ሥራውን ያውቃል። ደረቅ ነው ግን። ነገ የቁጥጥር ሰዎች ይመጣሉ። የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ያበላሸው የወታደር ካኪ ስለተቃጠለ ነው። ‹ሲቃጠል አይተሃል› ብለው እሱን ይጠይቁታል፤ መጋዘኑ ከእሱ ክፍል ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ‹አዎ በልና ይለቅ› አልኩት። እንቢ አለ። ጣሪያው የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ምርመራው ከገፋ ለእኔ መጥፎ ነው። ግን ለዚህ ሰው አይገደልም።»

ወይዘሮ ውብነሽ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት። መልኳ የተጠበቀ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች። ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ አንድ ባዶ ሳህን አለ፤ ዳሩ በበርበሬ ቀልቷል፤ የተረፈ ነገር የለበትም።

«እኔንም ሊወስደኝ ነበር» አለች ደረቷን እየነካች። «ያችን ጉርሻ ከዋጥኩ ጀምሮ ሲያስመልሰኝ አደረ። እመቤቴ ማርያም አተረፈችኝ።»

«አሁንስ ይሻላል?»

«አሁንም ሆዴ አልተረጋጋም።»

ሐሚዳ ሳህኑን አየች። «ጠላት ነበረው ጓድ መዝገቡ?»

«አለቃ ሆኖ ጠላት የሌለው አለ? ግን ሌላውን ምን አመጣው። ዳኜ አይደል? እንዲህ ያለ ሰው... የሚያዘው ሁሉ ግራ ነው። ምኑን እንደሚያመልክ አይታወቅ።»

«የአይጥ መርዝ እዚህ አለ?»

«መጋዘን ነው፤ አይጥ አለ፣ መርዝም አለ። በሩን ሁላችንም እንገባለን እንወጣለን፤ እኔም፣ አስረስም፣ ዳኜም።»

ከቢሮው እንደወጡ ሐሚዳ ተካን ወደ ጎን ጠራችው። ጥቂት ነገር ነገረችው። ተካ ዓይኑን አፈጠጠ። «ጨርቅ? ለጨርቅ ቤት ልፈትሽ?»

«ነጭ፣ ካሬ፣ ጥሩ በፍታ። በዚህ ጊዜ ጥሩ ጨርቅ የሚጥል ሰው የለም፤ በተለይ ዕድሜውን በጨርቅ መሐል የኖረ። አልተጣለም።»

ዳኜ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ሲሚንቶ በሚከመርባት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሐሚዳ በበሩ ሽንቁር ሳትታይ ቆመች። ጠባቂው ዳቦ ሰጠው። ዳኜ አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ። አላማተበም። ከዚያ ቆረሰ።

ገባች። «አቶ ዳኜ፣ ትናንት ለምን ሽሮ አዘዙ?»

«ሽሮ እወዳለሁ።»

«የጾም ነው ብለው?»

«ጾም ነው አላልኩም። ሽሮ አምጡልኝ ነው ያልኩት።»

«ሰው ግን ጾም ነው ብሎ እንዲያስብልዎ ፈልገዋል።»

ዳኜ ዳቦውን አስቀመጠ።

«ስለት ነበረብዎ? ሰው በስለት በማንኛውም ቀን ይጾማል። አዎ ቢሉኝ ሞልቱ እንኳ ያምናል።»

ዳኜ ያ አንድ ቃል ከዚች ክፍል እንደሚያወጣው ገብቶታል። «ስለት የለብኝም» አለ ግን።

«ክትፎው ፊትዎ ሲደርስስ?»

«በላሁ።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ከምባታ ነው። አባቴም አያቴም...» አቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ የሞት ፍርሃት አልነበረም፤ የከፋ ነገር ነበር። «መቶ አለቃ፣ እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ቤቴን ግን አያስፈትሹብኝ። ማታ ማታ ሰዎች ይመጣሉ። ሽማግሌዎች፣ እናቶች። ምንም አያደርጉም።»

«አልጠየቅሁዎትም» አለች ሐሚዳ በፍጥነት። «ያልጠየቅሁትን አይመልሱልኝ። ስለ ካኪው ይንገሩኝ። ሲቃጠል አይተዋል?»

«አላየሁም። ጭስም አላየሁም። ጣሪያውም አያፈስም። ሦስቱም ‹አየሁ በል› ብለውኛል፤ ጓድ አስረስ አንድ ጊዜ፣ ጓድ መዝገቡ ‹ነገር አታብዛ› ብሎ፣ ወይዘሮ ውብነሽ ደግሞ ሰኞም ማክሰኞም፣ እያለቀሰች። ያላየሁትን አየሁ አልልም አልኳት።»

ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ ሁሉም በ«ባለ ዋርካው» አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሐሚዳ ሰዎቹን በትናንት ወንበራቸው አስቀመጠች፤ የመዝገቡ ወንበር ባዶ ቀረ። ወይዘሮ ገበያነሽና ዲንሳ በወጥ ቤቱ በር፣ ሞልቱ በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ዲንሳ ባዶ ትሪ አምጥቶ መሐል ላይ አስቀመጠ።

«ሞልቱ አንድ ነገር ትክክል ብሏል» አለች ሐሚዳ። «መርዙ ሽሮው ውስጥ ነበር። ክትፎና ጥብስ ብቻ የበላ አልታመመም፤ ሽሮ የበላ ታሟል፤ ብዙ የበላው ሞቷል። ከድስቱ የበሉት እትዬ ገበያነሽና ጋሽ ዲንሳ ግን ደህና ናቸው። ስለዚህ የተጨመረው ትሪው ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ማንም አልጨመረም። የቀረው ኮሪደሩ ነው፤ ትሪው ተከድኖ ሲቆይ፣ እናንተ አንድ በአንድ ስትታጠቡ።»

«የቤቱ ሰዎችስ?» አለ አስረስ።

«ጋሽ ዲንሳ ትርፉን በእጁ ለውሻው ሰጠ። እትዬ እያዩት ነበር። መርዙን የሚያውቅ ሰው ያሳደገውን ውሻ አያበላም፤ ሲበላም በመስኮት ቆሞ አያይም።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«እንግዲህ» አለች ሐሚዳ፣ ትሪውን በጣቷ ነክታ። «ሁላችሁም ‹መዝገቡን ማን ገደለው› ትላላችሁ። እኔም ጠዋት እንደዚያ ነበር የምለው። ግን መርዙ ሲጨመር ሽሮው የማን ነበር? በእንጀራ የታጠረ፣ ለአንድ ሰው የተለየ ሩብ ነው። በዚህ አገር ሰው በሌላው በኩል እጁን አይሰድድም። መርዙን የጨመረው ሰው ይህን ጨዋነታችሁን ተማምኖ ነው የጨመረው።» ትሪውን ቀስ ብላ ግማሽ ዙር አዞረችው። «ይህን ግን አላሰበም። ጓድ መዝገቡ ትሪውን ያዞራል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ባለፈው ረቡዕ ስላልነበረ፣ ሽሮውን ያየው ትናንት ገና ነው። መርዙ የተዘጋጀው ለአቶ ዳኜ ነው።»

ዳኜ ደነገጠ። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፤ ትሪው የሚያቃጥል ይመስል።

«ለእኔ? እኔን ማን...»

«እርስዎ የጨመሩት ቢሆን የራስዎን ምግብ ነው የመረዙት። ስለዚህ እርስዎ አይደሉም። ሁለት ሰው ቀረ። ሁለቱም ባለፈው ረቡዕ ሽሮውን አይተዋል፤ ትናንትም እንደሚደገም ገምተዋል። ሁለቱም ነገ አቶ ዳኜ ለቁጥጥር ሰዎች የሚናገረውን ፈርተዋል። ሁለቱም ከጓድ መዝገቡ እጅ ጎርሰዋል።» ወደ አስረስ ዞረች። «እርስዎ ጉርሻውን ዋጡት፤ ታመሙ። መርዝ መኖሩን የሚያውቅ አይውጥም።»

«እኔም ዋጥኩ!» አለች ውብነሽ። «እኔም ታምሜ አደርኩ፤ ነግሬሻለሁ!»

«ነግረሽኛል። ጠዋት ጠረጴዛሽ ላይ የነበረው ሳህን ግን ሌላ ነገረኝ። ጓድ አስረስ ሎሚ መጠጣት አቅቶታል፤ አንቺ ፍርፍርሽን ዳሩ እስኪጸዳ ጠርገሻል።»

«ረሃብ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ቢጫ አበባ ያለባት ናፕኪን የት ናት?»

ወይዘሮ ገበያነሽ ብቻ «ውይ» አሉ።

«አለቃሽ ሲያጎርስሽ እንቢ ማለት አልቻልሽም። አፍሽ ውስጥ ያዝሽው፤ ትን ያለሽ መስለሽ በናፕኪኑ ተፋሽው። መርዝ ያለበት ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ መሄድ አትችዪም፤ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው።»

«ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው! ሰው ያልፈታው ነገር ሁሉ በእኔ...»

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃ ተካ ገብቶ አንድ ነጭ ጨርቅ ለሐሚዳ ሰጣት። «ወይዘሮ ውብነሽ ቤት፣ ዳቦ ተሸፍኖበት ነው ያገኘሁት፣ መቶ አለቃ። ታጥቦ ተተኩሷል። አበባ ግን የለውም።»

ሐሚዳ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። በጥጉ ላይ፣ በረድፍ፣ የአበባ ቅርጽ ይዘው የተደረደሩ ቀዳዳዎች ብርሃን አሳለፉ።

«ክሩ ተመዟል» አለች። «የመርፌው ቀዳዳ ግን አልተመዘዘም። እትዬ፣ ያውቁታል?»

ወይዘሮ ገበያነሽ ቀረብ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «የእጄን ሥራ? አዎ፣ የእኔ ናት። ይችኛዋን ቅጠል ተሳስቼ ደግሜ ነው የወጋኋት፤ ይኸው ድርብ ነው።»

ውብነሽ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አነሣች። ስትናገር ድምፏ የተለወጠ ነበር። «መዝገቡን አልፈለግሁም። ተው አልኩት፤ ሰምታችኋል፣ ተው ብዬዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ። ከዚያ እስኪጨርስ አየሽው» አለች ሐሚዳ።

«ካኪው ሳይቃጠል ተሽጦ እንደወጣ ቢታወቅ የሚጠብቀኝ ጥይት ነው! ዳኜን አንድ ውሸት ለመንኩት። አንዲት! አገሩ ሁሉ እየዋሸ አይደል የሚያድረው? ተኮማትሮ የሚኖር ቆራጭ፣ ታሞ ሞተ ቢባል ማን ይጠይቅ ነበር? እሱ ማን ስለሆነ ነው የማይዋሸው! እሱ እኮ ጴን...»

«ይበቃል!» የሐሚዳ ድምፅ እንደ ጥፊ ጮኸ። «ተካ፣ ያዛት። ቃሏን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም እንዳያናግራት።»

ተካ እጇን ይዞ አወጣት። የላንድሮቨሩ በር ሲዘጋ ተሰማ። ዳኜ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ሞልቱ ግን ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«ምን ልትል ነበር?»

«የተያዘ ነፍሰ ገዳይ ብዙ ይላል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ይሁን። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም።» ጣቱን ወደ ዳኜ ቀሰረ። «አልገደለም፤ እሺ። በበዓለ ሃምሳ ግን ለምን ሽሮ አዘዘ? ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ይሄን ቀን ይስታል? ወይስ ሌላ...»

ዳኜ አፉን ሊከፍት ሲል አየችው። ከተጠየቀ እውነቱን እንደሚናገር አወቀች።

«ጓድ ሞልቱ» አለች ቀደም ብላ፣ «እኔ ማን ነኝ?»

«መቶ አለቃ ሐሚዳ።»

«ሐሚዳ። ሙስሊም ነኝ። የዚህ ቤት ሥጋ የክርስቲያን ነው። ዛሬ ምሳ እዚህ ብበላ ምን የማዝዝ ይመስልዎታል?»

ሞልቱ ጣቱን ከዳኜ ላይ አወረደ።

«ሽሮ። ሐሙስ ቢሆን፣ እሑድ ቢሆን፣ በዓለ ሃምሳም ቢሆን ሽሮ። ሽሮ ያዘዘ ሁሉ ሊመረመር ከሆነ ከእኔ ይጀምሩ። አለዚያ ጓዱን ይፍቱትና የደኅንነት ሰዎች በከንቱ እንዳይደክሙ ስልክ ይደውሉላቸው።»

አስረስ በታመመ ፊቱ ሳቀ፤ ወይዘሮ ገበያነሽም ተከተሉ። ሞልቱ የሚስቁትን አየ፤ ባርኔጣውን አነሣ። «ሽሮም ወዳጅ አለው» አለና ወጣ።

ሌሎቹ ሲበተኑ ዳኜ ከወንበሩ አልተነሣም። «እንዴት አወቁ?» አለ በሹክሹክታ።

ሐሚዳ በመዝገቡ ወንበር ላይ ሳይሆን በጎኑ ተቀመጠች። «ያደግሁት ጎፋ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ክርስቲያን ነበሩ። ሥጋቸውን አንበላም። በጾም ግን ሽሮውም ምስሩም በአጥር ላይ ይመጣልናል፤ ሁለት ወር ሙሉ ጥጋብ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ምንም አይመጣም፤ ረቡዕ እንኳ። እነዚያን ሃምሳ ቀናት እኔና እህቶቼ ቆጥረን ነው የምናውቃቸው። በእነዚያ ጎረቤቶቻችን ቤት ያደገ ልጅ አይስታቸውም። ከውጭ ሆኖ የቆጠረም አይስታቸውም። የሚስታቸው ጭራሽ ቆጥሯቸው የማያውቅ ሰው ነው።»

ዳኜ ራሱን ነቀነቀ።

«ከጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ፣ የሐዋርያት ጾም ይገባል» አለች። «እስከዚያ ረቡዕም ዓርብም ሥጋ ይብሉ። ነሐሴ ላይ ሌላ አለ። የቀረውን እትዬ ገበያነሽን ይጠይቁ፤ ሴትዮዋ ለምን ብለው አይጠይቁም።»

ዲንሳ ሳይታዘዝ ትሪ ይዞ መጣ። ሽሮው መሐል ላይ ፈሷል፤ የእንጀራ አጥር የለውም። ዳኜ ትሪውን አየና እጁን አልዘረጋም። ሐሚዳ ገባት። እጇን አሻግራ ከእሱ በኩል፣ ከፊቱ፣ ቆርሳ ጎረሰች። «ይቅርታ፣ ነውር ነው» አለች እያላመጠች። «ጨው አንሶታል።»

ዳኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ በልማድ አንገቱን ደፋ፤ ወዲያው ደንግጦ ቀና ሊል ፈለገ።

ሐሚዳ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከዋርካው ሥር ያለውን አዲስ አፈር እያየች፣ ጸሎቱን ጨርሶ መብላት እስኪጀምር ድረስ ጠበቀችው።